«ለሕዝብ ደኅንነት ሲባል»

በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕግ ክፍል በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በዋና መንገዶች ዳር ባሉ ሕንፃዎች ላይ ትልልቅ ማስታወቂያ መስቀልን የሚከለክል መመሪያ እንዳረቅቅ ታዘዝኩ። አዋጁ መመሪያ እንድናወጣ የፈቀደልን የሕዝብን ደኅንነት ለመጠበቅ ብቻ ነበር፤ በስብሰባው ላይ ግን ማስታወቂያዎቹ የከተማውን ገጽታ አበላሹ ከማለት በቀር ስለ አደጋ ያነሣ ሰው አልነበረም። እኔም ብልኀት መስሎኝ በመመሪያው መግቢያ ላይ «ለሕዝብ ደኅንነት ሲባል» የሚል ሐረግ አስገባሁ። ማንም አልተቃወመም።

ሰሌዳው እንዲወርድ የታዘዘበት ነጋዴ ክስ መሠረተ። መልሳችንን ያዘጋጀነው በንብረት መብት ገደብ ላይ አተኩረን ነበር፤ ዳኛዋ ግን ወደዚያ ከመግባታቸው በፊት፣ ማስታወቂያዎቹ ያስከተሉትን አደጋ የሚያሳይ ማስረጃ እንድናቀርብና መመሪያው የተመከረበትን ቃለ ጉባኤ እንድናያይዝ አዘዙ። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት ራሴ ነኝ፤ የተባለውን አንድም ሳላስቀር በመመዝገቤ ተመስግኜበትም ነበር። በአራቱ ገጽ ውስጥ «አደጋ» የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልተጻፈም። መመሪያው ተሻረ።

ለይግባኙ መጻሕፍት ሳገላብጥ የበርሊኑን የክሮይትስበርግ ፍርድ አገኘሁ። የከተማይቱ ፖሊስ ክሮይትስበርግ በተባለው ኮረብታ ላይ የቆመው የድል ሐውልት እይታ እንዳይጋረድ በዙሪያው የሚሠሩ ቤቶችን ከፍታ የሚገድብ ደንብ አውጥቶ ነበር። በርሊን የምትገኝበት የያኔው የጀርመን ግዛት የፕሩሲያ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1882፣ ሕጉ ለፖሊስ የሰጠው ሥልጣን አደጋን ለመከላከል እንጂ ውበትን ለመጠበቅ አይደለም በማለት ደንቡን ዋጋ አሳጣው። የበርሊን ፖሊሶች ቢያንስ ዓላማቸውን በግልጽ ጽፈው ነው የተረቱት፤ ይህን ሳነብ የእኔ ሐረግ ይበልጥ አሳፈረኝ። ፍርድ ቤቱ የከተማን ውበት መጠበቅ ነውር ነው አላለም፤ ፕሩሲያም በኋላ በ1902 እና በ1907 ገጽታን ከመበላሸት የሚጠብቁ ሕጎችን በተለይ አውጥታለች።

ስለዚህ ይግባኙን ትቼ፣ የከተማ ገጽታን የመጠበቅ ሥልጣን በስሙ ተጠርቶ እንዲሰጠን አዋጁ እንዲሻሻል የሚጠይቅ ማስታወሻ አዘጋጀሁ። ኃላፊዬ «ምክር ቤቱ ባይቀበለውስ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ ያን ጊዜ ማስታወቂያዎቹ እንደተሰቀሉ ይቆያሉ አልኳቸው። ማስታወሻው ሦስት ሳምንት ጠረጴዛቸው ላይ ከርሞ ተፈርሞ ወጣ።