ከሾላዋ ሥር

ወፍ ማየት ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ባለፈው የጻፍኩላችሁ ጣና ሐይቅ ዳር ወዳለችው ዘጌ ስላደረግኩት አምስተኛ ጉዞዬ ነበር። በአንድ ጠዋት 11 ዓይነት መዝግቤ ስንት ቀን በደስታ ሰነበትኩ። በስድስተኛው 23 ሆነ! ባይኖኩላሩ ያው የተዋስኩት ነው፣ ደብተሩም ያው። የቀየርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሄዱን ትቼ ተቀመጥኩ።

ምክሩ የእኔ አይደለም። እስከዛሬ ከጀልባ ወርጄ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሽቅብ ስገሰግስ፣ ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር ቀና እላለሁ። ወፏ ግን ቀድማኝ ሄዳለች። በዚህኛው ጉዞ መንገድ ላይ ያገኘኋቸው አንድ አባት ቆም ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ምን ያሯሩጥሃል? ሾላዋ አፍርታለች። እሷ ሥር ተቀመጥና እነሱ ይምጡልህ» አሉኝ። መስቀል ተሳልሜ ተቀመጥኩ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም። ከዚያ ቱራኮ የምትባለው ወፍ መጣች። ጉንጯ ነጭ ነው፣ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እንደ ጦጣ ትሮጣለች። ተቀምጣ ሳለ አረንጓዴና ሰማያዊ ብቻ ናት። ስትነሳ ግን ክንፏ ላይ ደም የመሰለ ቀይ ቦግ ይላል። ቀዩ መዳብ ያለበት ቀለም ነው፣ ከቱራኮ ዘር ሌላ ወፍ የለውም።

ልቤን የወሰደው ግን ከዚያ በኋላ ያየሁት ነው። ከሾላዋ ማዶ ባለው ያረጀ ግንድ ላይ በጭቃ የተመረገ ቀዳዳ አለ። ክፍት የቀረው ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ነው። ውስጥ ሴቷ ሆርንቢል አለች፤ ሆርንቢል ትልቅ ምንቃር ያለው ወፍ ነው። እንቁላል ልትጥል ስትገባ በሩን ትመርገዋለች፣ ጭቃውን የሚያመላልሰው ወንዱ ነው። ከ3 ወር በላይ አትወጣም። ወንዱ ያን ትልቅ ምንቃሩን ተሸክሞ መጣና ግንዱን ቆንጥጦ ያዘ። ከጉሮሮው የሾላ ፍሬ አንድ በአንድ እያወጣ በስንጥቁ አቀበላት። ቆጠርኩ፤ 17። ሲነሳ የክንፉ ድምፅ ቁርበት የሚያራግፉ ይመስል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዛፍ የማይበት ዓይን ተለወጠ። ለማወዳደር ብዬ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ባለ ባሕር ዛፍ ውስጥ ለዚያው ያህል ሰዓት ተቀመጥኩ። 4 ዓይነት ብቻ። ባሕር ዛፍ ሳያረጅ ይቆረጣል፣ ያላረጀ ግንድ ደግሞ ቀዳዳ የለውም። ቀዳዳ ከሌለ ሆርንቢልም፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የማትገኘው ትንሿ አረንጓዴ በቀቀናችንም ቤት የላቸውም። አጸድ ውስጥ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ባለው ደን፣ ግን ዛፉ በቁሙ ያረጃል።

ዘጌ ደግሞ የራሷ ነገር አላት። አቡነ በትረ ማርያም ሳታርሱ ብሉ ብለው ቃል ኪዳን እንደሰጡ ይነገራል። በሬ አይጠመድም፣ ኑሮው ቡናና ጌሾ ነው። ቡና ጥላ ስለሚወድ ትልልቁ ዛፍ ቆሞ ቀረ። የሚያሳስበኝ ታች ያለው ነው። የቡናው ሥር ሲመነጠር ቁጥቋጦ ውስጥ የሚኖሩት ወፎች መጠለያ ያጣሉ፣ ነገ ያረጁትን የሚተኩት ችግኞችም አብረው ይሄዳሉ። ደቡብ ጎንደር ውስጥ የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአጥቢያ ምእመናን ጋር በአጸዶች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ የደከሙት ለችግኙ ነው፤ ከብት ገብቶ እንዳይበላው።

እናንተም ጎጆ ካገኛችሁ አትጠጉ። እኔ 40 እርምጃ ያህል ርቄ ነበር፣ ወንዱ ሲያየኝ ያመነታ ነበር። ቅዳሜ እመለሳለሁ። አሁንም ይመግባት እንደሆነ ማየት አለብኝ።