ሺአን ድረስ የሄድኩት ለያን ዠንቺንግ ነው

ያን ዠንቺንግ የሚባል የድሮ ቻይናዊ በብሩሽ የጻፈውን ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ለማየት ከጓንግዡ ወደ ሌላዋ የቻይና ከተማ ሺአን በሌሊት ባቡር ሄድኩ፣ ፈጣኑ ስለተወደደብኝ። ሌሊቱ መከራ ነበር። አልጋው ሦስት ተደራራቢ ነው፣ የኔ ከላይ ጣሪያው ስር ስለሆነ ቀና ብሎ መቀመጥ እንኳ አይቻልም፣ ከታች ያሉት ደግሞ ኑድል እየበሉ ያለ ኢርፎን ቪዲዮ ሲያዩ አመሹ። ሺአን የምትታወቅባቸውን ከሸክላ የተሠሩ የጥንት ወታደሮች ሐውልቶች አይቻለሁ፣ ስለነሱ ብዙ ስለተጻፈ ልለፈው።

ያን ዠንቺንግ ቻይናን የታንግ ሥርወ መንግሥት ይገዛ በነበረበት ዘመን የኖረ ባለሥልጣንና የቁም ጽሑፍ ሊቅ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ709 ተወልዶ በ785 የሞተ። እዚህ አገር ብሩሽ መያዝ የሚማር ልጅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው የሱን ፊደል በመገልበጥ ነው፣ እኔም ቻይንኛ ስማር የሰጡኝ መለማመጃ የሱ ነበር። ጽሑፉ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ያሉት ቤይሊን ሙዚየም ውስጥ ነው፣ በ1087 የተጀመረ የድንጋይ ጽሑፍ ማኖሪያ፣ ከደቡቡ የከተማ ግንብ አጠገብ። መግቢያ 65 ዩዋን ከፈልኩ።

ያናደደኝ መስታወቱ ነው። ዋና ዋናዎቹ ድንጋዮች በመስታወት ስለተሸፈኑ ከፊደሉ ይልቅ የራስህን ፊት ነው የምታየው። እዚያ ጣታቸውን አየር ላይ እያንቀሳቀሱ የሚጽፉ አንድ አዛውንት ነበሩ፣ ስቸገር አይተው እጄን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝና እዚህ ቁም አሉኝ፣ እውነትም ከዚያ ጥግ ሁሉም ፍንትው ብሎ ታየ። ከዚያ በኋላ አልተለያየንም፣ የቸገረኝን ቃል በስልክ እያስተረጎምን።

ዱኦባኦ ለሚባል የቡድሃ ግንብ በ752 የጻፈውን ድንጋይ አስቀደሙልኝ። ያን ዠንቺንግ ያኔ ገና በ40ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ፊደሉ ጥብቅ፣ ጭምት፣ የቢሮ ሰው ጽሑፍ። ቀጥሎ በ780 ለቤተሰቡ መቅደስ የጻፈው ጋ ወሰዱኝ፣ ዕድሜው 70 አልፏል፣ እና ሌላ ሰው የጻፈው ነው የሚመስለው! አግድሙ ቀጭን፣ ቋሚው ወፍራም፣ ግራና ቀኝ ያሉት ቋሚ መስመሮች ወደ ውጭ ጎበጥ ብለው መሃሉን ሰፊ ያደርጉታል። መጽሐፍ ላይ ሳየው ከባድ ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ድንጋዩ ላይ ግን ይተነፍሳል። ለቅድመ አያቱ ያስቀረጸው ሦስተኛ ድንጋይም አለ፣ በ1922 ነው ከመሬት የወጣው፣ ለዚህም ነው የፊደሎቹ ጠርዝ ያልተበላው።

በ752ቱና በ780ው ድንጋይ መሃል ምን ሆኖ እጁ እንዲህ እንደተለወጠ ስጠይቃቸው ስልካቸውን አውጥተው በ758 ወረቀት ላይ የጻፈውን የሐዘን ጽሑፍ ረቂቅ አሳዩኝ። ዋናው ወረቀት ታይዋን፣ ታይፔ ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው። በ755 አን ሉሻን የሚባል የጦር አዛዥ ሲያምፅ የያን ቤተሰብ ከመንግሥቱ ጎን ቆመ፣ ከተማ ሲከላከል የነበረው የያን ዠንቺንግ የአጎት ልጅ ከነወንድ ልጁ ተገደለ፣ ከልጁ አስከሬን የተገኘው ራሱ ብቻ ነው። ያን ዠንቺንግ ለዚያ ልጅ ነው የጻፈው፣ ብሩሹ ላይ ያለው ቀለም እስኪደርቅ እየጎተተ፣ እየሰረዘ፣ ከላይ እየጨመረ። እኛ ጋ የብራና ጸሐፊ ሲሳሳት ፍቆ ነው የሚያስተካክለው፣ ገጹ ንጹሕ እንዲሆን፣ እኔም በዚያ ዓይን ስላደግኩ ይሄ ሁሉ ስርዝ ያለበት ወረቀት ከቻይና የእጅ ጽሑፎች ሁሉ ቁንጮ ከሚባሉት አንዱ መሆኑ በጣም ገረመኝ። ግን ስታየው ይገባሃል፣ እጁ የት ላይ እንደተንቀጠቀጠ ይታያል። ያን ዠንቺንግ ራሱም በሽምግልናው ወደ ሌላ አማፂ ተልኮ አልገብርልህም ስላለ ነው የተገደለው፣ አዛውንቱ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተለወጠ።

ስንወጣ ሹዩዋንመን መንገድ ላይ ከድንጋይ በቀለምና በወረቀት የተነሳ ኮፒ ልገዛ ፈለግኩ፣ ሻጩ 300 አለኝ፣ አዛውንቱ ተቆጥተው ክንዴን ይዘው ጥቂት ሱቅ አልፈን ያንኑ በ80 አስገዙኝ። ሻይ ልጋብዝ ብል እምቢ አሉ፣ ሂሳቡንም እሳቸው ከፈሉ። ለምትሄዱ፣ ጠዋት ልክ ሲከፈት ግቡ፣ ከረፋድ በኋላ አስጎብኚዎቹ ማይክራፎን ይዘው ስለሚገቡ ምንም አይሰማም። ታይፔ ያለውን ረቂቅ ግን ሁሌ አያወጡትም፣ ለእይታ የሚወጣበትን ጊዜ አጣርቼ እሄዳለሁ።