«ከመስቀል ወዲህ ቆላ ወርደው ነበር?» ለገጠር የሚሆን ባለሙያ ስለማሰልጠን

ትኩሳትና ብርድ ብርድ እያለው መሃል ሜዳ ጤና ጣቢያ የገባን ጎልማሳ ሰልጣኙ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የሄደበትን ነው። የመንዟ መሃል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ ወባ አይተላለፍም። ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የመንዝ ሰው ለማሾ ለቀማና ለማሽላ አጨዳ ወደዚያ ይወርዳል። «ሰሞኑን» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ሰሞኑን ለአንዱ ሦስት ቀን፣ ለሌላው ሁለት ወር ነው። ተማሪው በበዓል ቆጥሮ መጠየቅ ይልመድ፦ «ከመስቀል ወዲህ ቆላ ወርደው ነበር? አድረው ነው የተመለሱት?»

አልወረድኩም ካለ ሐሳቡ ወደ ቅማል ይዙር። ደጋ ላይ ሰው ከብርዱ የተነሳ ልብስ ደራርቦ፣ ተጠጋግቶ ስለሚተኛ ትኩሳት ግርሻም (ለቆ ተመልሶ የሚያገረሽ ትኩሳት) ተስቦም (ታይፈስ) በቅማል ከሰው ወደ ሰው ያልፋሉ። የወባ ፈጣን ምርመራው ኔጌቲቭ ሲሆን «እንግዲያው ታይፎይድ ነው» ብሎ መድኃኒት ማዘዝ ብዙ የሚታይ ስህተት ነው። የደም ስሚር (መስታወት ላይ የተቀባ ደም) በማይክሮስኮፕ ማየት የለመደ የላቦራቶሪ ተማሪ የግርሻውን ጠመዝማዛ ባክቴሪያ በዚያው ለወባ ባዘጋጀው ስላይድ ላይ ያገኘዋል፤ ፈጣን ምርመራ ብቻ የለመደ ግን አያየውም።

የግርሻ ሕክምና ቀላል ይመስላል፤ አንድ የፕሮኬይን ፔኒሲሊን መርፌ ነው። አደጋው ከመርፌው በኋላ ይመጣል። ባክቴሪያው በብዛት በአንድ ጊዜ ስለሚሞት በሰዓታት ውስጥ በሽተኛው በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይንራል፣ ከዚያ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ስለዚህ መርፌው ሳይሰጥ የደም ሥር መስመር ይከፈታል፣ ፈሳሽ ይዘጋጃል፣ በሽተኛውም ተኝቶ ያድራል። ወግተው ወዲያው ወደ ቤት የላኩት ሰው መንገድ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የቤተሰቡ ልብስ ካልተቀቀለ ደግሞ በሽታው እዚያው ቤት ይቀጥላል።

ይህን ሁሉ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ብቻ ሆኖ መማር አይቻልም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን በአንድ ቡድን ወደ ገጠር እየላከ ያሠለጠነው ለዚህ ነው። ዛሬ ቲቲፒ የምንለው የቡድን ስልጠና ከዚያ የመጣ ነው። የሚበላሸው መጠይቅ ወደማስሞላት ሲወርድ ነው። ተማሪዎች ቤት ለቤት ዞረው፣ ሪፖርት አስጠርዘው ይመለሳሉ፤ ቀበሌው ግን ውጤቱን አይሰማም። ተማሪው የሠራው የሚመዘገብበት ሎግ ቡክም በቁጥር ይሞላል፤ «አምስት ወሊድ» ተብሎ ይፈረማል፣ ከአምስቱ ስንቱን በእጁ እንዳዋለደ የሚጠይቅ የለም። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሰለጥነው ባለሙያ እያንዳንዱን እርምጃ አጠገቡ ቆሞ አይቶ ቢፈርም ይሻላል።

የሳንባ ምችን ለመለየት የሚደረገውን የሕፃን ትንፋሽ መቁጠር እንውሰድ። የመንዝ እናት ልጇን በባና ጠቅልላ ነው የምታመጣው፤ ብርድ ነውና ባናውን መግለጥ ሁለቱንም ይከብዳቸዋል። ተማሪው በባናው ላይ ይቆጥራል፣ ወይም 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ያባዛል፤ ሁለቱም ያሳስታሉ። ክፍሉ ይሙቅ፣ ልጁ ከማልቀስና ከመጥባት ይረፍ፣ ደረቱ ይገለጥ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠር። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ እስከ 12 ወር 50፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት 40 ከሆነ ፈጣን ነው። የኦክስጅን መለኪያ ካለ ደግሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ጤነኛ ልጅ እንኳ መሃል ሜዳ ላይ ከሸዋ ሮቢት ያነሰ ቁጥር ያሳያል።

ወሊድ ላይ ብዙ የሚያሳስተው የማግኒዥየም ሰልፌት ስሌት ነው፤ በእርግዝና የደም ግፊት ሳቢያ የሚመጣ ማንቀጥቀጥን የሚከላከልና የሚያቆም መድኃኒት ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለው 50 በመቶ ነው፤ በደም ሥር የሚሰጠው 20 በመቶ። 4 ግራም ለማግኘት 8 ሚሊ ሊትር ከጠርሙሱ ይቀዳና 12 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውሃ ይጨመርበታል፤ የተገኘው 20 ሚሊ ሊትር በ5 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይገባል። ቀጥሎ በየመቀመጫው 5 ግራም፣ ማለትም 10 ሚሊ ሊትር ሳይበረዝ በጡንቻ ይወጋል። ይህ በቃል የሚሸመደድ አይደለም፤ ተማሪው በባዶ ሲሪንጅና በውሃ ደጋግሞ ይቅዳ። የጠርሙሱ መጠን ከግዢ ግዢ ስለሚለያይ «አንድ ጠርሙስ ስጥ» ብሎ ማስተማር አደገኛ ነው፤ በግራም ይነገር። ማግኒዥየም ሲበዛ ማርከሻ የሚሆነው ካልሲየም ግሉኮኔትም አጠገቡ ይቀመጥ።

ከወሊድ በኋላ ደም መፍሰስን የሚከላከለው ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት በጡንቻ የሚሰጠው ሌላ ልጅ ሆድ ውስጥ አለመቅረቱ ተዳስሶ፣ በተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። መብራት ሲጠፋ የቆላ ጤና ጣቢያ ፍሪጅ ቶሎ ይሞቃል፤ መልኩ ሳይለወጥ ኃይሉ የቀነሰ መድኃኒት ተሰጥቶ ደም አልቆም ሊል ይችላል። ስለዚህ የፍሪጁን ሙቀት ጠዋትና ማታ መመዝገብ የአዋላጇም ሥራ ነው፤ ማህፀኑንም ለሁለት ሰዓት በየ15 ደቂቃው መዳሰስ እንዲሁ።

ሪፈር ሲጻፍ «ለተሻለ ሕክምና» ብቻ የሚል ወረቀት ተቀባዩን አይረዳም። ማግኒዥየሙ ስንት ግራም፣ በስንት ሰዓት እንደተሰጠ፣ የጉልበት ሪፍሌክስና ትንፋሽ ስንት እንደነበር ካልተጻፈ፣ ደብረ ብርሃን ያለው ሐኪም መጠኑን ይደግመዋል ወይም ያዘገየዋል። ሰዓቱም በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ፣ ቀን ወይም ሌሊት መሆኑ ይጻፍ፤ «8 ሰዓት» ብቻ የሚል ጽሑፍ በስድስት ሰዓት ያሳስታል። ወረቀቱ ለቤተሰብ ከመሰጠት ይልቅ በአምቡላንሱ አብራ ለምትሄደው አዋላጅ ይሰጥ፤ ከመነሳታቸው በፊትም ስልክ ይደወል።