ለሠርግ ብዬ ወሎን አነበብኩ

የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ለሠርጓ ስትጠራኝ "ድግሱ ሐይቅ ነው" አለችኝ። "የትኛው ሐይቅ ዳር?" አልኳት። ቢሮው በሳቅ ሞተ። ለካስ ሐይቅ የከተማ ስም ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ፣ ከውኃው አጠገብ የምታገኟት ከተማ።

አዲስ አበባ ተወልጄ አዲስ አበባ ያደግኩ ነኝ። ወሎ ሲባል የሚመጣልኝ ላሊበላ፣ የትዝታ ዘፈንና የ77ቱ ረሃብ ነበር። በቃ። እዚያ ሄጄ ደግሞ እንዲህ ያለ ጥያቄ ብጠይቅ የሙሽራዋ ዘመዶች ምን ይሉኛል? ወሩ ኅዳር 2012 ነው፤ ሠርጉ ጥር ላይ። ሁለት ወር አለኝ። ላንብብ አልኩ።

የጀመርኩት እንደማንኛውም ሰው ከነገሥታት ነው። ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ካሉት የአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ሦስት መጻሕፍት ገዛሁ። ቀሪውን በፒዲኤፍ ስልኬ ላይ ጫንኩ። ደብተር አውጥቼ ዓመተ ምሕረት መልቀም ያዝኩ። 1860፣ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሞቱ። 1870፣ አፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አደረጉ፤ ኢማሙ መሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነሥተው ራስ ሚካኤል ተባሉ። 1881፣ የውጫሌ ውል። 1909፣ ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን የልጅ ኢያሱን ዙፋን ሊያስመልሱ ዘምተው ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። 1928 ኅዳር፣ የጣሊያን አውሮፕላን ደሴን ደበደበ፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም እዚያው ነበሩ። ደብተሬ ሞላ። ማትሪክ የምፈተን መሰልኩ።

ችግሩ፣ ይሄ ሁሉ የቱ ከየቱ አጠገብ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ስሞቹም ግራ ያጋባሉ። በድሮ መጽሐፍ "ወሎ" ሲባል ክፍለ ሀገሩን ነው፤ ላስታን፣ ዋግን፣ ራያን ይዞ እስከ አውሳ ይዘልቃል። ኮረም በ77 ዜና ሁሉ "ወሎ" ነው። እኔ ግን የሰሜን ወሎን ካርታ ዘርግቼ ባስስ ባስስ ኮረም የለም። ለካ ከ1983 በኋላ በመጣው አከላለል ከወሎ ወጥቷል። ወደ ኋላ ስትሄዱ ደግሞ ወሎ የሚለው ስም ራሱ ኋላ የመጣ ነው። ከኦሮሞ ጎሳ ስም የተወረሰ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የአካባቢው ብዙ ክፍል ቤተ አምሐራ ይባል ነበር። ይህን እስካውቅ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ።

ከዚያ ደብተሬን ቀየርኩ። በንጉሥ ፋንታ በቦታ አደረግኩት። ለደሴ አንድ ገጽ፣ ለሐይቅ አንድ ገጽ፣ ለባቲ፣ ለውጫሌ፣ ለመቅደላ። ያነበብኩትን ሁሉ በየቦታው ገጽ ላይ ነው የምጽፈው። ጉዳዩ ወዲያው ቀለለኝ። ከሁለቱ ወር የሚጠቅም ነገር ሠራሁ የምለው ይሄንን ነው።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሳነብ የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ አዩኝ። የወረባቦ ሰው ናቸው። መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረጉና "ይሄ ሁሉ ንጉሥ ነው። ሰው የለበትም እንዴ?" አሉኝ። "ምን ላንብብ ታዲያ ጋሼ?" ስላቸው፣ "አታንብቢ። መንዙማ ስሚ" አሉኝ።

ሰማሁ። መጀመሪያ ላይ ዜማው እንጂ ቃሉ አልገባኝም። አማርኛው ከዓረብኛ ተሰናስሎ ነው የሚሄደው። ስለ መንዙማ ሳነብ ግን የማልጠብቀው ነገር አገኘሁ። የወሎ ሼሆች አማርኛን በዓረብኛ ፊደል ይጽፉት ነበር። ዓጀም ይሉታል። አማርኛ ያለ ፊደሉ ተጽፎ ሊኖር ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከሁሉም መጻሕፍቴ ይልቅ ወሎን ማየት ያስናፈቀኝ ይህ ነው።

ስለ ረሃቡ ብዙ አነበብኩ። የ66ቱ እንዴት እንደተደበቀና ለንጉሡ መውደቅ አንዱ ምክንያት እንደሆነ፣ የ77ቱ ደግሞ በዓለም ቴሌቪዥን እንዴት እንደታየ። ከዚያ ደብተሬ ላይ "አትጠይቂ" ብዬ ጻፍኩ። አልጠየቅኩምም። ግን ሠርጉ ላይ አንድ ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ሲቆጥሩ "በክፉ ቀን ጊዜ ሚስት አግብቼ ነበር" አሉ። ቀጥለውም ስለ በቅሏቸው ማውራት ያዙ። ያነበብኩት ሁሉ "ረሃብ" ወይም "ድርቅ" ነበር የሚለው። እሳቸው የሚሉት ክፉ ቀን ነው።

መንገዱን ላሳጥረው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ስንገባ እንኳ ቀና አላልኩም፤ ደብተሬን እየከለስኩ ነበር። ኮምቦልቻ ደርሰን የሐረጎን ዳገት ስንይዝ ከጎኔ ለተቀመጡት፣ ነጭ ጥምጣም ለጠመጠሙ አባት ስለ ውጫሌ ውል ገለጻ ጀመርኩላቸው። ማንም አልጠየቀኝም። አንቀጽ 17ን ተነተንኩ። የአማርኛው ኢትዮጵያ ከፈለገች በጣሊያን በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መነጋገር ትችላለች ይላል፣ የጣሊያንኛው ግን ግዴታ ያደርገዋል፣ ጠቡም ከዚያ ነው አልኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

"ማሻ አላህ፣ ልጄ። ይስማ ንጉሥንስ አየሽው?"

"ማንን?"

"ውሉ የተፈረመበትን ነዋ።"

እዚያች ደቂቃ ላይ ብትቀብሩኝ ደስ ይለኝ ነበር። ውሉ የተፈረመበት ቦታ ይስማ ንጉሥ ይባላል፤ ውጫሌ አጠገብ ነው። እኔ አንቀጹን በቃሌ ይዤ ቦታውን አላውቀውም። ከዚያ እስከ ደሴ ዝም አልኩ። እሳቸው ግን አልተቀየሙኝም፤ መነኸሪያ ስንደርስ ሻንጣዬን አወረዱልኝና "አብሽሪ" ብለውኝ ሄዱ።

ደሴ ላይ የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ፣ አይጠየፍን አየሁ። ሙዚየሙንም አየሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ በጦርነቱ መዘረፉን ስሰማ ያን ቀን ቸኩዬ በመውጣቴ ቆጨኝ። ቀኑን ቆጥቤ የያዝኩት ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነበር።

ስለ ገዳሙ የማላውቀው ነገር ያለ አልመሰለኝም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ናቸው። ድሮ ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብሱ ጋር ተያይዟል። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ አንድ አባት እጃቸውን ዘረጉ።

"ልጄ፣ ሴት ከዚህ አታልፍም።"

የወንዶች ገዳም ነው። ሴት አይገባም። አራት ቦታ ስለ ገዳሙ አንብቤ አንዱም ይህን አልነገረኝም። ጸሐፊዎቹ ሁሉ ወንዶች ናቸው፤ በሩ ላይ የቆመ የለም። ጓደኛዬን ብጠይቃት በአንድ የስልክ መልእክት ታስረዳኝ ነበር። ለነገሩ አልጠየቅኳትም፤ ልገርማት ፈልጌ ነው። ውኃው ዳር ተቀምጬ አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ሐይቁ በጣም ያምራል፤ ይህንንም ማንም አልጻፈውም ነበር።

ወደ ሠርጉ ልምጣ። የሙሽራዋ አባት ክርስቲያን ናቸው፤ ታናሽ ወንድማቸው ሙስሊም። እናታቸው አንዲት ናት። ወሎ ላይ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ብዙ መሆኑን አንብቤያለሁ። አንብቤ የማላውቀው ሥራውን ነው። ሁለት በሬ፣ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ቢላ። ለየብቻ የተጣደ ድስት። ዳስም ሁለት፤ በመካከላቸው ግን መጋረጃ የለም፣ ጨዋታው አንድ ነው። ቀኑ ራሱ ሲቆረጥ ጾምም ረመዳንም ታይቶ ነው። ማን የትኛውን ወጥ እንደሚያወጣ ልጆቹ ሳይቀሩ ያውቃሉ።

እኔ ደግሞ በጓዳ በኩል ገብቼ፣ ሽንኩርት ለሚያቁላሉት አክስት "መቻቻላችሁ እንዴት ደስ ይላል!" አልኳቸው። ቃሉን ከመጽሐፍ ነው ያመጣሁት።

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩኝ። "ምኑን ነው የምንችለው፣ የኔ ሸጋ? ወንድሜ አይደል እንዴ!"

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ከዚያ ጭልፋ ሰጡኝ። "ይሄን ይዘሽ እዚህ ቁሚ። ወዲያኛው ድስት ውስጥ እንዳትከቺው ብቻ።" ቆምኩ። እስከ ምሽት ያቺን ጭልፋ እንደ ታቦት ነው የጠበቅኳት።

ሰኞ ባቲ ወረድን። ገበያው ሰኞ ነው፤ ይህን ካነበብኩ ጀምሮ ጉዞዬን በእሱ ነው የቆረጥኩት። አንዴ እንኳ ንባቤ ተሳካልኝ። አፋሩ ከቆላ፣ ኦሮሞውና አማራው ከደጋ መጥቶ የሚገናኝበት ነው። ግመል፣ ጨው፣ እህል። ሲዋዋሉ ቋንቋው ሦስት አራቴ ይቀየራል።

ማክሰኞ ወደ ውጫሌ ስንሄድ የሙሽራው አያት አብረውን ነበሩ። ይስማ ንጉሥን ለማየት ነው። ከአውቶቡሱ ውርደት ወዲህ ገለጻ ትቼ ጥያቄ ብቻ ነበር የያዝኩት። "አባባ፣ አምባሰል የሚባለው ቅኝት..." ስል አቋረጡኝና በመስኮቱ በኩል በከዘራቸው አመለከቱ።

"ያውልሽ አምባሰል። ቅኝቱ ከሱ ነው የወረደ።"

ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታ ስሞች መሆናቸውን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ተራራ ሆኖ ፊቴ ላይ ሲቆም ግን ሌላ ነው። ሽማግሌው ያለ ማሲንቆ ትንሽ አዜሙልን። ሾፌሩ ሬዲዮውን ዘጋ።

የመጨረሻው ቀን ቡና ላይ ስለ ወርቂት ጠየቅኩ። በመጻሕፍቱ ውስጥ ወርቂት በምኒልክ ታሪክ መካከል ገብታ በሁለት መስመር ታልፋለች። በ1857 ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጥ የወሎዋ ገዥ ወርቂት አሳለፈችው፤ ቴዎድሮስም በንዴት መቅደላ ታስሮ የነበረውን ልጇን ገደሉት። ቶናው ተቀድቶ ነበር። "ስለ ንግሥት ወርቂት እዚህ ምን ይባላል?" አልኩ።

ዝም አሉ። ከዚያ በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

"ያቺ ልጇን ያጣችው?"

"አዎ።"

"ወይኔ እናቴን" አሉ፣ ትናንት የሆነ ይመስል። ሌሎቹም ከንፈራቸውን መጠጡ። ምኒልክን ያነሣ አልነበረም። ወሬው ከወርቂት ወደ ሌሎች እናቶች ሄደ፤ ከዚያ ወደ መንደሩ፤ በረካው ሲደርስ ወደ እኔ።

"አንቺስ የናትሽ አገር ወዴት ነው?" አሉኝ እማማ።

"መንዝ ነው ይላሉ።"

"መንዝ የት ጋ?"

አላውቅም። ወደ መሐል ሜዳ የሚገነጠለው መንገድ ጣርማ በር ላይ መሆኑን ግን አውቃለሁ፤ ስመጣ ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ ያለፍኩት።