ሞተር ስትመርጡ ከሲሲው በፊት ክብደቱን እዩ

ለኮረኮንችና ለእግር መንገድ የሚሆን ሞተር ለመግዛት የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሲሲ ነው?» ብሎ ነው፤ ሲሲ የሲሊንደሩ መጠን ነው። ለአስፋልት ደህና ጥያቄ ነው። ጠጠሩ አልቆ ከብት የሚነዳበት ጥርጊያ ሲጀምር ግን ሌላ ጥያቄ ይቀድማል፦ ዳገት መሃል ቢወድቅ ብቻዬን አነሳዋለሁ? መውደቁ እንደሆነ አይቀርም። ልል ድንጋይ ላይ ተንሸራቶ፣ ወንዝ ውስጥ ጎማው ጉድጓድ ገብቶ፣ አንዳንዴም ቆሞ ሳለ እግር መሬት ሳይደርስ ቀርቶ ይወድቃል። አንድ ጊዜ ማንሳት ለማንም አይከብድም። የሚከብደው በአንድ ከሰዓት ውስጥ ስምንተኛውና ዘጠነኛው ነው፤ ያውም እንደ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ትንፋሽ ቶሎ በሚያጥርበት አገር። የደከመ ሰው መልሶ ይወድቃል፣ እግር የሚሰበረውም ያኔ ነው።

ስለዚህ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ሻጩን አስፈቅዳችሁ ሞተሩን ሣር ላይ ወይም ባዶ ማዳበሪያ አንጥፋችሁ በቀኝ ጎኑ አስተኙት። የቤንዚን መዝጊያ ካለው ዝጉት። በቀኝ ያስተኛችሁት የጎን ማቆሚያው በግራ ስለሆነ ከማንሳታችሁ በፊት ልትዘረጉት ስለምትችሉ ነው። አንደኛ ማርሽ አስገቡ፣ እንዳይንከባለል። መሪውን መሬት ወደነካው ጎን እስከ መጨረሻው አዙሩ። ጀርባችሁን ሰጥታችሁ መቀመጫው ላይ ወገባችሁን አስደግፉ፤ በአንድ እጅ የታችኛውን የመሪ እጀታ፣ በሌላው ከኋላ ጠንካራ የብረት ክፍል ያዙና በጉልበታችሁ እየገፋችሁ በትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ። ወገብ አይታጠፍ፣ ጭኑ ይሥራ። ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ አንስታችሁት በአራተኛው ከተንገዳገዳችሁ ያ ሞተር ለእናንተ ከባድ ነው።

ተዳፋት ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። ጎማዎቹ ወደ ላይ፣ መቀመጫው ወደ ታች ሆኖ ከወደቀ እንዲያው ለማንሳት መታገል ከንቱ ነው። መጀመሪያ የፊቱን ጎማ ይዛችሁ እየጎተታችሁ ጎማዎቹ ወደ ቁልቁለቱ እስኪዞሩ ድረስ መሬት ለመሬት አሽከርክሩት፤ ከዚያ ግማሹን ሥራ ተዳፋቱ ይሠራላችኋል። ይህን ብቻውን ማድረግ የሚችል ሰው 120 ወይም 130 ኪሎ ሞተር ይዞ ነው። ከ200 ኪሎ በላይ የሆኑትን ትልልቅ የጉዞ ሞተሮች አንድ ሰው ገደል አፍ ላይ እንዲህ አያዞራቸውም።

ክብደት ስታወዳድሩ የምታነቡት ቁጥር የየትኛው እንደሆነ አጣሩ። አንዳንድ ፋብሪካ ያለ ቤንዚን፣ ያለ ዘይትና ያለ ባትሪ የተመዘነውን ይጽፋል፤ ሌላው ደግሞ ሁሉ ነገር ተሞልቶ ሊነዳ ሲል ያለውን። ልዩነቱ 10 ኪሎና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። አንድ ሊትር ቤንዚን 750 ግራም ገደማ ስለሚመዝን 12 ሊትር የሚይዝ ሰልባቲዮ ሲሞላ 9 ኪሎ ይጨምራል፣ ያውም ከላይ በኩል። ከላይ ያለ ኪሎ ከታች ካለው ይልቅ ሞተሩን ቶሎ ይጥለዋል።

ወደ ቁመት እንምጣ። ካታሎግ ላይ የመቀመጫ ከፍታ 88 ሴንቲ ሜትር የሚል ሞተር 1 ሜትር ከ65 የሆነን ሰው ጣቱ ጫፍ ላይ ያስቆመዋል፣ ሲቀመጡበት አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ቢወርድም እንኳ። ሜዳ ላይ ይህ ችግር የለውም። ድንጋያማ ዳገት ላይ ግን እግር የሚወርድበት ቦታ ከጎማው ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ያቺ አሥር ሴንቲ ሜትር ጉድለት ናት የምትጥለው። ቢያንስ የአንድ እግር መርገጫ ሙሉ በሙሉ፣ ወይም የሁለቱም የፊት ግማሽ መሬት ይንካ። መቀመጫው ከፍ ካለባችሁ ስፖንጁን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ማስቆረጥ ይሻላል፤ የኋላ አሞርዛተሩን በማሳጠር ዝቅ ማድረግ ከመሬት ያለውን ርቀት ይቀንስና የሞተሩን ሆድ ለድንጋይ ይሰጣል።

እነዚህን ሁለት መመዘኛዎች ይዞ ገበያውን ለሚያይ ሰው ምርጫው ይጠባል፣ መጥበቡም ጥሩ ነው። ሆንዳ ሲአርኤፍ 300 ኤል ቤንዚን ሞልቶ 142 ኪሎ ነው፣ መቀመጫው 88 ሴንቲ ሜትር፤ ለረጅም ሰውና አስፋልትም ለሚበዛበት መንገድ ጥሩ ሞተር ነው፤ 7.8 ሊትር ብቻ የሚይዘው ሰልባቲዮ ግን ማደያ በራቀበት አገር ያስጨንቃል። ያማሃ ቲደብሊው 200 ወደ 126 ኪሎ፣ መቀመጫው 79 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ጎማዎቹ እንደ ትራስ የወፈሩ፤ ፍጥነት የለውም፣ ለአጭር ሰውና ለጀማሪ ግን ከሱ የሚሻል አላውቅም። ሆንዳ ኤክስአር 150 ኤል ከ130 ኪሎ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ በአየር ይቀዘቅዛል፣ ውስጡም ቀላል ነው። ለአገራችን መንገድ አንድ አዲስ ሞተር ምረጥ ብባል እሱን እመርጣለሁ። ጉድለቱ የኋላ ጎማው ነው፦ 17 ኢንች ስለሆነ ጥርሳም የጭቃ ጎማ እንደ 18 በየዓይነቱ አይገኝለትም።

ያገለገለ ለሚፈልግ ደግሞ የግብርናና የጤና ሠራተኞች ለዓመታት ገጠር የዞሩባቸው ያማሃ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100 አሉ። ኤጂ 100ን ቀረብ ብላችሁ እዩት፦ ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ በሽፋን ውስጥ ነው፣ ጭቃና አሸዋ አይነካውም፤ የጎን ማቆሚያው በግራም በቀኝም አለ፤ ዕቃ መጫኛ ከፊትም ከኋላም። ለእርሻ ሥራ ታስቦ የተሠራ መሆኑ በእያንዳንዱ ነገሩ ይታወቃል። ሁለቱም ቱ ስትሮክ ናቸው፣ ማለትም ዘይት ከቤንዚን ጋር አብሮ የሚቃጠልባቸው፤ ዘይታቸው ለብቻው ትንሽ ታንከር አለው። ያቺ ታንከር ባዶ ሆና ከተነዳ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ይነክሳል፤ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት የምትታይ መጀመሪያ እሷ ናት። የዘይት ፓምፑ ተነቅሎ ዘይት ከቤንዚን ጋር እየተቀላቀለ የሚሠራ ከሆነም ሻጩ ልኩን ይንገራችሁ፤ 1 ለ50 ከሆነ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። ረጅም ቁልቁለት፣ ለምሳሌ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ፣ ጋዝ ዘግቶ በማርሽ ብቻ መውረድ ለቱ ስትሮክ ጥሩ አይደለም፤ ጋዝ ሲዘጋ ዘይቱም ስለሚያንስ በየመሃሉ ጋዝ ሰጥ እያደረጋችሁ ውረዱ።

እንደ ባጃጅ ቦክሰር ያሉት የህንድ ሞተሮች ዕቃቸው በየከተማው አለ፣ ጋራዡም ያውቃቸዋል፤ ይህን ጥቅም የሚንቅ ሰው አንድ የፍሪሲዮን ሽቦ ለማግኘት ሳምንት ሲጠብቅ ይገባዋል። ለደረቅ ኮረኮንች ይበቃሉ። ችግራቸው ክረምት ላይ ነው፣ ዋልካ ላይ።

ዋልካ፣ መረሬም በሉት፣ ሞተርን የሚያቆመው በማንሸራተቱ ብቻ አይደለም። ጭቃው ጎማው ላይ ይጣበቃል፣ ጎማው ሲዞር ወደ ላይ ይዞት ይወጣል፣ የፊት ፓራፋንጎው ጎማውን ተጠግቶ ስለተሠራ ያ ጭቃ በመሃል ይታመቃል። በየዙሩ እየተጨመረ ሄዶ እንደ ጭቃ ጡብ ይደርቅና ጎማውን አንቆ ያቆመዋል። ያን ጊዜ እንጨት ፈልጎ መቆፈር ነው፣ 50 ሜትር ሄዶ እንደገና። ለዚህ ነው የመስክ ሞተር የፊት ፓራፋንጎው ከጎማው ርቆ ከመብራቱ ሥር የሚታሰረው። ዝቅተኛ ፓራፋንጎ ያለው ሞተር ካላችሁ ለክረምት ፈትታችሁ ማስቀመጥ ወይም በብረት አስረዝሞ ከፍ ማስደረግ ይቻላል። የብዙ የመስክ ሞተሮች የፊት ጎማ 21 ኢንች መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ትልቅ ቸርኬ ድንጋዩንና የጋሪ ዱካውን ይወጣዋል፣ ትንሹ ደግሞ ይገባበትና መሪውን ይነጥቃል።

አሁን ወደ ሲሲው መመለስ ይቻላል፣ ምክንያቱም በጣም ትንሽም አይሆንም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናትና ፋብሪካው 12 የፈረስ ጉልበት አለው ያለው ሞተር እዚህ 9 ያህሉን ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ፎር ስትሮክ ከሆነ ከ150 እስከ 250 ባለው መሃል ፈልጉ። ካርቡራተሩ ለባሕር ዳርቻ ከፍታ ተስተካክሎ የመጣ ከሆነ በስስ አየር ላይ ቤንዚኑ ይበዛበታል፦ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ጋዝ ሲሰጥ ያንቀዋል። መድኃኒቱ አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ያነሰ ዋና ጄት ነው፤ ጄት ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ትንሽ ቡሎን ነው። የድሮውን ጄት ግን አትጣሉት፤ በአነስተኛው ጄት ቆላ ወርዳችሁ ለረጅም ጊዜ ከነዳችሁ ቤንዚኑ ያንስና ሞተሩ ከመጠን በላይ ይሞቃል።

ኢንጄክሽን ያለው፣ ማለትም በካርቡራተር ፋንታ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ቤንዚን የሚረጭ ሞተር የቤንዚኑን ልክ በራሱ ያስተካክላል። ይሁን እንጂ ማደያ በሌለበት የሚገዛው ቤንዚን በጀሪካን ወይም በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀመጠ ነው፣ ውሃም ዝገትም አይጠፋበትም። ካርቡራተር ከሆነ የሥሩን መፍሰሻ ቡሎን በካቻቢቴ ፈታ አድርጎ ውሃውን ማፍሰስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የኢንጄክሽን ፓምፕ ከታፈነ መንገድ ላይ የሚሠራው ነገር የለም፣ ባትሪው ፈጽሞ ከሞተም በግፊ አይነሳም። ከከተማ ለሚርቅ ሰው ካርቡራተርና በእግር የሚመታ ማስነሻ እስካሁን ይሻላሉ ባይ ነኝ።

አንደኛ ማርሽም ይፈተን። ሜዳ ላይ አንደኛ አስገብታችሁ ጋዝ ሳትነኩ ፍሪሲዮኑን ልቀቁት፤ ከሚራመድ ሰው ጎን ሳይጠፋ መሄድ አለበት። ከዚያ ከፈጠነ ዳገት ላይ ሁልጊዜ ፍሪሲዮን በግማሽ ይዛችሁ ትነዳላችሁና ሸራው ይቃጠላል። የፊቱን ፒኞን (ሰንሰለቱን የሚነዳውን ጥርስ ያለው ክብ ብረት) ከ14 ጥርስ ወደ 13 ማውረድ ከኋላ ሦስት ጥርስ እንደመጨመር ነው፤ ርካሽ ነው፣ ለውጡም ወዲያው ይታወቃል።

ያገለገለ ሞተር ስታዩ ቀዝቅዞ ይጠብቃችሁ። ስትደርሱ ሲሊንደሩ ከሞቀ ሻጩ አስቸጋሪ አነሳሱን ሊሸፍን ይሆናል። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስታችሁ መሪውን ቀስ ብላችሁ ከጫፍ ጫፍ አዙሩ፤ መሃል ላይ ጠቅ ብሎ የሚይዝ ነገር ካለ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል። የኋላውን ጎማ ይዛችሁ ግራና ቀኝ ናጡ፣ ቀጥሎ ራጂዎቹን (የቸርኬውን ሽቦዎች) አንድ በአንድ በኪያቤ ነካ ነካ አድርጉ፤ የጠበቀው ይዘፍናል፣ የላላው ዱብ ይላል። የፊት አሞርዛተሩ ዘንግ ላይ የዘይት ቀለበት ካለ ፓራዮሊዮው (የዘይት ማገጃው) አልቋል፣ ይህ ቀላል ነው፤ ዘንጉ ራሱ ከተቧጠጠ ግን አዲሱንም ይቆርጠዋል። የአየር ፊልትሮውን ሳታወጡ ግን አትግዙ። ስፖንጁ ደርቆ የሚፈረፈር ከሆነ ወይም ከፊልትሮው ወዲያ ያለው ቧንቧ ውስጥ ጣታችሁ አቧራ ካገኘ፣ ያ ሞተር አሸዋ ሲተነፍስ ኖሯል፤ ሲሊንደሩና ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) መበላታቸው ስለማይቀር ዋጋውን በዚያ ልክ ቀንሱ ወይም ተዉት።

ከገዛችሁ በኋላ የመጀመሪያው ወጪ የሞተሩን ሆድ የሚሸፍን ብረት ይሁን፣ ቀጥሎ የብረት ዘንግ ያለው የእጅ መከላከያ። የፍሪሲዮንና የፍሬን እጀታዎቹን የሚይዙትን ቡሎኖች ጥብቅ አታድርጉ፤ ከሥሩ መሪው ላይ የቧንቧ ሠራተኛ ነጭ ቴፕ ሁለት ዙር ጠምጥማችሁ በእጅ ሲገፋ እስኪዞር ብቻ እሰሩት። ሲወድቅ ዞሮ ይተርፋል።

ጎማው ለአስፋልት ከ22 እስከ 25 ፒኤስአይ ከተነፋ ለድንጋይና ለጭቃ ወደ 15 ይውረድ። ጎማውን ከቸርኬው ጋር ቆንጥጦ የሚይዝ መቆለፊያ ከሌለው ከዚያ በታች አትሂዱ፦ ጎማው ቸርኬው ላይ ይሽከረከራል፣ ካላማዳሪውን (የውስጥ ጎማውን) ይዞት ይሄዳል፣ የመንፊያውን አንገት ይቆርጠዋል። የመንፊያውን ዳዶ ቸርኬው ላይ አታጥብቁት፣ ወደ ላይ ወደ ክዳኑ አስጠግታችሁ ተዉት፤ ካላማዳሪው መንሸራተት ሲጀምር መንፊያው ዘመም ብሎ ስለሚታይ ሳይቆረጥ ትደርሱበታላችሁ። ሞተራችሁ ከፊት 21፣ ከኋላ 18 ከሆነና ትርፍ ካላማዳሪ አንድ ብቻ መያዝ ከቻላችሁ የፊቱን፣ 21ን ያዙ። ከኋላ 18 ውስጥ ጨምቆ ማስገባት ይቻላል፣ ቀስ ብሎ ጎሚስታ ቤት ያደርሳል፤ የ18ቱ ግን 21 ውስጥ አይሆንም።