ስድስት ነን

ጳጉሜ 1 ቀን 2017፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አቴንስ አሊሞስ ወደብ ላይ የተከራየናትን የሸራ ጀልባ ተረከብን። 14 ሜትር ናት። ከፍራንክፈርት፣ ከስቶክሆልምና ከለንደን የተሰባሰብን ስድስት ጓደኛሞች ነን፤ ከነካፒቴኑ ሰባት። ለዓመታት የምንገናኘው ለሰርግ ወይም ለልቅሶ ብቻ ነበር።

ካፒቴኑ ከመነሳታችን በፊት ስለ ጥንቃቄ አስረዳን። መንሳፈፊያ ጃኬቱ የት እንዳለ፣ ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ምን እንደሚደረግ። እኛ ፎቶ እንነሳ ነበር። አንዱ ጓደኛችን ግን ሁሉንም ደግሞ አስነገረው። ከዚያ ጃኬቶቹን አውጥቶ አንድ በአንድ ቆጠረ።

እሱ አውሮፓ የገባው በሊቢያ በኩል፣ በጎማ ጀልባ ነው። ሁላችንም እናውቃለን፤ አንስተነው ግን አናውቅም። "ና፣ ደስ ይልሃል" ብዬ የጎተጎትኩት እኔ ነኝ። ባህሩ ያው ባህር መሆኑ ትዝ ያለኝ ጃኬት ሲቆጥር ሳየው ነው። በጣም አፈርኩ።

ከወደቡ እንደራቅን ካፒቴኑ ሞተሩን አጠፋ። ሸራው ነፋስ ሞላ፣ ጀልባዋ ወደ ጎን ዘንበል አለች። ጆሯችን ላይ የቀረው የውሃው ድምፅ ብቻ ነበር። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ዞር ስል ጓደኛችን ገመዱን በሁለት እጁ ጨብጧል።

"በእኛ ጊዜ ሞተሩ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ነበር የሚጮኸው" አለኝ።

ኤጂና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አመሻሽ ላይ ደረስን። ደሴቲቱ ፒስታቺዮ በሚባለው ለውዝ መሰል ፍሬ የታወቀች ናት፤ አንድ ትልቅ ከረጢት ገዝተን በሁለት ቀን ጨረስነው። ከዚያ ፖሮስ። ፖሮስን ከዋናው ምድር የሚለያት ጠባብ የባህር መተላለፊያ ነው፤ በዚያ ስናልፍ በረንዳ ላይ ቡና የሚጠጡት ሰዎች ፊት ይታያል።

ከፖሮስ አለፍ ብሎ ባለ አንድ ጸጥ ያለ ጥግ መልሕቅ ጥለን አደርን። በሄድንበት ሁሉ እየዘለልን እንዋኛለን፤ እሱ አይገባም። ዳር ተቀምጦ ያየናል። ወጥተን ፎጣ ስንይዝ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቼ ነበር። ያን ሌሊት ታች ክፍሉ ውስጥ መተኛት እንዳቃተው ሳይ ጋቢዬን ይዤ ወጣሁና አጠገቡ ጋደም አልኩ። ኮከቡ ለጉድ ነው።

"ስንወጣ ምንድን ነው የምትለው?" አልኩት።

"እቆጥራችኋለሁ።"

ዝም አልኩ። ቆይቶ ራሱ ቀጠለ። "እኛን ሲያሳፍሩን የቆጠረን የለም። ጨለማ ነው፣ እየገፉ ነው። ኋላ መርከብ ሲያነሳን ስንት ሰው እንደጎደለ ጠየቁን። ከየት እናምጣው? ስንት ሆነን እንደተነሳን አናውቅም።"

ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሊነጋጋ ሲል እንቅልፍ ወሰደው። እኔ አልተኛሁም።

ሐሙስ እንቁጣጣሽ ነበር። ሃይድራ ላይ ዋልን። መኪና የማይገባበት ደሴት ነው፤ ዕቃ በአህያና በበቅሎ ይጫናል። ኮቴውን ስሰማ እናቴ ሰፈር የደረስኩ መሰለኝ። ወደቡ ጠባብ ስለሆነ ጀልባው ሁሉ ተጠጋግቶ ነው የሚቆመው። የጀልባ ምድጃ ጀልባዋ ስታዘነብል አብሮ እንዳያዘነብል ተንጠልጥሎ ነው የሚሠራው፤ ጀበናችንን እዚያ ላይ ጣድን። ከሰል ማንደድ ስለማይፈቀድ ዕጣኑ ቀረ። ጎረቤት ጀልባ ላይ ያሉት ሽማግሌ ባልና ሚስት በቡናው ሽታ ተስበው መጡ፤ እስከ በረካ ጠጥተው ሄዱ። ቡናውን የቀዳው እሱ ነው። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ዓርብ ወደ አቴንስ ስንመለስ ለመጨረሻ ጊዜ ቆመን ዋኘን። እሱ ታች ምሳ እየሠራ ነበር። ቀድሜ ወጥቼ ዳር ላይ፣ እሱ ከሚቀመጥባት ቦታ ተቀመጥኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብዬ ጠበቅኳቸው።

በመስኮቷ በኩል "ስንት?" የሚል ድምፁ መጣ።

"ካንተ ጋር ስድስት" አልኩት።

"እሺ" አለና ወጡን ማማሰሉን ቀጠለ።