ቢጫ መብራት

ዛሬም ያ ስሜት መጣብኝ። ስም የለውም። ሥራ ሊያልቅ ሲል ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ነው። ሲመሽ ዝናብ ጣለ፣ መብራትም ጠፋ። ሻማ ለኩሼ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ንፋስ እርጥብ ሣር ይሸታል። ደብተሩን ያወጣሁት ስለ ዝናቡ ልጽፍ ነበር።

ሻማውን ሳይ ግን ጋሼ፣ የውስጡን የምሠራላቸው ሆቴል ባለቤት፣ ትዝ አሉኝ።

ሰኞ የሆቴሉ ርክክብ ነው። 48 ክፍል። ዛሬ ከሰዓት ጋሼ ሁለተኛ ፎቅ ወጡ። ኮሪደሩ መሀል ቆመው ቀና ብለው አዩ። «ልጄ፣ ሁሉም አምሯል፣ እግዜር ይስጥሽ። ይሄ መብራት ግን ጨለማ ነው። ነጩን አድርጊልኝ» አሉኝ።

በዚህ ነገር ስንት ጊዜ ተነጋግረናል። የናሙናው ክፍል ሲሠራ አስረድቻቸው እሺ ብለው ነበር። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ 2700 ኬልቪን የሚባለው አምፖል ቢጫ ነው፣ የሻማ ዘመድ። 6500 ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው። ሰው ማታ በዚያ ነጭ ሥር ሲቆይ ሰውነቱ ገና ቀን ይመስለዋል። እንቅልፍ የሚያመጣው ሆርሞን ይዘገያል። ሆቴል ደግሞ ምንም ቢያምር የሚሸጠው እንቅልፍ ነው። በዚያ ላይ ሐይቅ ዳር ነን። ነጭ መብራት ሲበራበት ያደረ በረንዳ ጠዋት ምን እንደሚመስል የሐዋሳ ሰው ያውቀዋል፣ ትንኙ በመጥረጊያ ነው የሚጠረገው። ቢጫው ሥር ያን ያህል አይሰበሰብም።

ዛሬም ይህንኑ ልደግምላቸው ስል ቀደሙኝ። «እኛ እኮ በኩራዝ ነው ያደግነው» አሉና ደረጃውን ይዘው ወረዱ።

እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

በኩራዝ ላደገ ሰው ቢጫ ብርሃን ሙቀት አይደለም። የላምባ ወረፋ ነው። ዓይን እያቃጠለ የተጠና ትምህርት ነው። እንዴት እስከዛሬ አልታየኝም? እማዬን እያወቅኩ! ቤታችን መብራት የገባ ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። አባዬ ረጅሙን ፍሎረሰንት ሳሎን ሰቀለና አበራው። እማዬ እልል አለች። ከዚያ ድንገት ዝም ብላ ወደ ቡፌው ሄደች። ስኒዎቹን አንድ በአንድ አውጥታ ማጠብ ጀመረች። ለካ ጥቀርሻ ነበረባቸው። ለዓመታት ለእንግዳ ቡና ስታቀርብባቸው አይታየንም ነበር። የዚያን ቀን ፊቷን አልረሳውም፣ ደስታና እፍረት አንድ ላይ ነበረበት። ለእማዬ ነጭ ብርሃን ማለት ንጽህና ነው። ከችግር መውጣት ነው።

እኔስ ቢጫውን ከየት አመጣሁት? ተማሪ ሳለሁ ካገላበጥኳቸው መጽሔቶች ነው። እነዚያን ክፍሎች የሠሩት ሰዎች ሻማ የሚያበሩት መብራት ስለጠፋ አይመስለኝም። ለነሱ የእራት ግብዣ ነው።

ይሄ ሥራ ደጋግሞ እዚህ ቦታ ያደርሰኛል። ከዚህ በፊት የአንድ መመገቢያ አዳራሽ ጣሪያ ሠርቼ ነበር። ከሲዳማ ደጋ፣ ከሁላ፣ ቀርከሃ አስመጣሁ። የሲዳማን ቤት አሠራር የሚያውቁ አንድ አባት ከልጆቻቸው ጋር መጥተው ሦስት ሳምንት ሸመኑት። ሲያልቅ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ለረጅም ጊዜ አዩት። «የእናቴን ቤት መሰለ» አሉ። እዚያው አለቀስኩ። በዚህ ሙያ ከዚያ የሚበልጥ ክፍያ ተከፍሎኝ አያውቅም።

ዓመት ሳይሞላው ጣሪያው ጠረጴዛ ላይ ዱቄት ማራገፍ ጀመረ። ነቀዝ ነው። ቀርከሃ በውስጡ ስታርች አለው፣ ነቀዙ እሱን ፍለጋ ነው የሚገባው። ከመሸመኑ በፊት በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውሃ መነከር ነበረበት። ፕላኑ ላይ ጽፌዋለሁ። የምረቃው ቀን ደርሷል ተብሎ ተዘለለ። እኔም እዚያው ነበርኩ፣ «አይሆንም» ብዬ አልቆምኩም። ይሄ እስከዛሬ ያመኛል። አሁን እዚያ ጂፕሰም ተሰቅሏል። በዚያ መንገድ ሳልፍ ወደ ውስጥ አላይም።

አባትየውን በኋላ አገኘኋቸው። ለምን የእናታቸው ቤት እንዳልነቀዘ ጠየቅኳቸው። «እሱማ ጭስ ነበረው» አሉኝ። ምድጃው ቀንና ማታ ይጨሳል። ጥቀርሻው ቀርከሃው ላይ ይጋገራል። ነቀዝ አይደፍረውም። እኔ መልኩን ብቻ ወስጄ ጭሱን ትቼ መጣሁ ማለት ነው። ያው እማዬ ከስኒዎቿ ላይ ያጠበችው ጥቀርሻ መሆኑ ነው፣ ዛሬ ነው የገባኝ።

ትናንት ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ክፍሎቹን ስዞር አንዱ በር ገርበብ ብሏል። አንሶላ የምታነጥፈው ልጅ ጫማዋን አውልቃ መስኮቱ ጋ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ያበራችው የራስጌውን መብራት ብቻ ነው። ሐይቁን ታያለች። ስታየኝ ደንግጣ ተነሳች። «ይቅርታ ኢንጂነር፣ አንዴ ልሞክረው ብዬ ነው።»

ቁጭ በይ አልኳት። ያንን ወንበር የት እንደማስቀምጠው ስንት ቀን እንዳሰብኩበት ማን ያውቃል። ከተቀመጡበት ሐይቁ እንዲታይ፣ የመኪና ማቆሚያው እንዳይታይ ብዬ ነው። እሷ ሳይነገራት አገኘችው። ምረቃ ላይ ባልጠራም ግድ የለኝም፣ ይሄ ይበቃኛል።

መብራቱስ አልኳት። ትንሽ አሰበች። «ለኔ ደስ ይላል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ለእንግዳ ግን ደመቅ ቢል አይሻልም?»

ለእንግዳ! ድሮ መንገደኛ ሲመሽበት ደጅ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ» ይል ነበር። ከውስጥ «ቤት የእግዜር ነው፣ ግቡ» ይባላል። ከዚያ ያለው ሁሉ ይወጣል። እሳቱ ይቆሰቆሳል፣ ኩራዙ ወደ እንግዳው ይጠጋል። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይደምቃል እንጂ አይደበዝዝም። ጋሼ የሚሉት ይሄንን ይሆን? እኔ ስለ እንቅልፍ ስናገር እሳቸው ስለ አቀባበል ነበር የሚናገሩት?

ኮሪደሩንና እንግዳ መቀበያውን 4000 ላድርገው እችላለሁ፣ መሀል ቤት ነው። እሱ ቀላል ነው። መኝታ ክፍሉን ግን እንጃ። እዚያ ላይ ልቤ ቢጫ ነው።

እማዬ እኔ የሠራሁት ሆቴል ውስጥ አድራ አታውቅም። ስንት ዓመቴ ነው በዚህ ሥራ፣ አንድ ቀን እንኳን አላመጣኋትም። ነገ በጠዋት ልደውልላት። እሑድ ማታ ያ ወንበር ላይ አስቀምጫት ሁለቱንም መብራት እያፈራረቅኩ ላሳያት። ቢጫውን ሳበራላት «ጨለመብኝ ልጄ» ብትለኝስ?